‹ሁሉንም ተቀበል›

የአውሮፓ ጋዜጣ በስልኩ የሚከፍት ሰው ዜናው ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ሳጥን ይገጥመዋል። እኛና ብዙ መቶ «አጋሮቻችን» መረጃህን ብንጠቀም ትፈቅዳለህ ወይ ይለዋል። አንባቢው ቸኩሏልና በደማቁ የተቀባውን ቁልፍ ተጭኖ ያልፋል። ይህን ሳጥን ያመጣብን የአውሮፓ ሕግ ነው ብሎ የሚማረር ብዙ ነው። ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ የጠየቀው ሌላ፣ የማስታወቂያው ኢንዱስትሪ ያቀረበው ሌላ። ሁለቱ እንዲህ የተራራቁት ሠላሳ ዓመት በፈጀ ግብግብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1994–1997፦ ሳይጠየቅ የታለፈ ሰው

በ1994 ድረ ገጽ ማስታወስ አይችልም ነበር። አንድ ጎብኚ ከገጽ ወደ ገጽ በተሻገረ ቁጥር ሰርቨሩ እንደ አዲስ ሰው ይቆጥረዋል። ለሚያነብ ሰው ይህ ምንም አልነበረም። ለሚገበያይ ግን ችግር ነው፤ መርጦ ቅርጫት ውስጥ ያስገባው ዕቃ ገጽ ሲቀይር ይጠፋበታል። ኔትስኬፕ ውስጥ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ መላ ዘየደ። ሰርቨሩ ለጎብኚው ብራውዘር አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ብራውዘሩም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ያሳያል። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቦርሳ ሲያስቀምጡ እንደሚሰጥ ቁጥር ነው፤ የባለቤቱን ስም ባይናገርም ቦርሳው የቱ እንደሆነ ያመለክታል። ኩኪ የሚባለው ይህ ነው።

ሞንቱሊ ስለ ክትትል ቀድሞ አስቦበታል። ለእያንዳንዱ ብራውዘር በየድረ ገጹ የሚታይ አንድ ቋሚ መለያ መስጠት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ሰውን በየሄደበት ለመከተል ይመቻል ብሎ ተወው። ኩኪው የሚመለሰው ለሰጠው ድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ቀዳዳው የተገኘው በምስሎች በኩል ነው። አንድ ገጽ ላይ የሚታይ ምስል ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር ሊመጣ ይችላል፤ ያም ሰርቨር የራሱን ኩኪ ይሰጣል። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በሺህ ድረ ገጾች ላይ ምስል ካለው ያንኑ ብራውዘር በሺው ቦታ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። አጋጣሚው ደግሞ ተገጣጠመ። ሆትዋየርድ የተባለው የኢንተርኔት መጽሔት የመጀመሪያዎቹን የባነር ማስታወቂያዎች በጥቅምት 1994 ሲለቅቅ የኔትስኬፕ ብራውዘርም በዚያው ወር ለሕዝብ ቀርቦ ነበር።

ተጠቃሚው ይህን ሁሉ አያውቅም። ብራውዘሩ ኩኪ ሲቀበል ቃል አይተነፍስም። ጉዳዩ አደባባይ የወጣው ፋይናንሻል ታይምስ በየካቲት 1996 ከጻፈበት በኋላ ነው። የኢንተርኔትን የቴክኒክ ደረጃዎች የሚያወጣው የመሐንዲሶች ስብስብ በነገሩ ላይ መከረና በ1997 መጀመሪያ አንድ ሰነድ አወጣ። ሰነዱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ከሦስተኛ ወገን የሚመጣ ኩኪ ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ በቀር ዝግ ይሁን።

ኔትስኬፕም ማይክሮሶፍትም አልተቀበሉትም። ማስታወቂያ የነጻ ድረ ገጾች እንጀራ ሆኗል። ሞንቱሊ ራሱ ከዓመታት በኋላ ያቀረበው ምክንያት ግን ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ በሩን ብንዘጋ ማስታወቂያ ሠሪዎቹ ተጠቃሚው የማያየውና የማያጠፋው ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር ይላል። ልክ ይሁንም አይሁን ውሳኔው ጸና። ሰው ምንም ካልነካ ክትትሉ ይቀጥላል የሚለው ሥርዓት ያኔ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሕግ ሁሉ ይህን ሥርዓት ሳይነካ ዙሪያውን ሲዞር ከርሟል።

1999–2001፦ ቁጥሩና ስሙ ሊገናኙ ሲሉ

የሦስተኛ ወገን ኩኪን ወደ ትልቅ ንግድ የለወጠው የኒው ዮርኩ ደብልክሊክ ነው። በብዙ ድረ ገጾች ላይ የማስታወቂያ ቦታ ይሞላል፤ ለእያንዳንዱ ብራውዘር ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ምን እንዳየና ምን እንደተጫነ ይመዘግባል። ስለ ግላዊነት ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ የምናውቀው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም።

መልሱ በ1999 ተናጋ። ደብልክሊክ አባከስ ዳይሬክት የተባለውን ድርጅት ገዛ። አባከስ አሜሪካውያን በፖስታ ካታሎግ የሚገዙትን ዕቃ ከነስማቸውና ከነአድራሻቸው የሚያከማች ድርጅት ነበር፤ መዝገቡ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ይዟል። ሁለቱ መዝገቦች ቢገናኙ ስም የለሹ ቁጥር ስም፣ የቤት አድራሻና የገበያ ታሪክ ያገኛል። የግላዊነት ተሟጋቾች በ2000 መጀመሪያ ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አቤት አሉ፤ ኮሚሽኑ ምርመራ ከፈተ፤ የኩባንያው አክሲዮን ወረደ። በመጋቢት ወር ዋና ሥራ አስፈጻሚው ኬቪን ኦኮነር መንግሥትና ኢንዱስትሪው በደንብ ሳይስማሙ ስምን ከቁጥር ጋር ለማገናኘት ማቀዱ ስሕተት እንደነበር በይፋ አመነና ዕቅዱን አቆመ።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚደንቀኝ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነው። ተጠቃሚዎች በኅብረት ደብልክሊክን ኒው ዮርክ ላይ ከሰሱት። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2001 ክሱን ውድቅ አደረገ። ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ነበር፦ በአሜሪካ የጠለፋ ሕግ ከግንኙነቱ ወገኖች አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፤ ድረ ገጹ ደግሞ አንዱ ወገን ነው፤ እሱም ፈቅዷል። ጎብኚው ሳይጠየቅ ሌላው ስለ እሱ ፈቀደለት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት በኩባንያዎቹ የራስ ቁጥጥር እጅ የቀረው ከዚህ በኋላ ነው።

2002–2012፦ «ጠይቁ» የተባለው አውሮፓ ላይ ነው

አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘች። በ1995 የወጣው የመረጃ ጥበቃ መመሪያ ስለ ኩኪ አንድም ቃል አልነበረውም። በ2001 ስለ ኤሌክትሮኒክ ግንኙነት አዲስ መመሪያ ሲረቀቅ የአውሮፓ ፓርላማ አባላት ኩኪ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይቀመጥ የሚል ሐሳብ አነሡ። የማስታወቂያው ኢንዱስትሪ ኩኪ ከሌለ የኢንተርኔት ንግድ ይሞታል ብሎ ዘመተ። በ2002 የጸደቀው መመሪያም ለስልሶ ወጣ፤ ተጠቃሚው ይነገረው፣ እንቢ የማለት መብትም ይኑረው። ኩባንያዎቹ የግላዊነት መግለጫቸው ግርጌ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመሩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ2007 ሁለት ነገር ሆነ። ጉግል ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ የፍለጋና የማስታወቂያ መዝገቦች አንድ ጣሪያ ሥር ሊገቡ ሆነ። በዚያው ዓመት ኅዳር ፌስቡክ ቢከን የሚባል አገልግሎት ጀመረ፤ ሰው በሌሎች ድረ ገጾች የገዛውን ነገር ለጓደኞቹ የሚያሰራጭ። ለገና ሚስቱን በስጦታ ሊያስደንቅ ቀለበት የገዛ አንድ አሜሪካዊ የግዢው ዜና እሷን ጨምሮ ለሚያውቁት ሁሉ ሲደርስ አየ፤ የቀለበቱ ዓይነት ሳይቀር ተጽፏል። ፌስቡክ ተጠቃሚውን ባያስጠነቅቀው ኖሮ ሌላ ነገር ነበር፤ ጥግ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ መስኮት ነበረ። ዝም ያለ ሰው ግን እንደፈቀደ ተቆጠረ። ፌስቡክ ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2009 የቀረበበትን ክስ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ሲስማማ ቢከንን ዘጋው።

በዚያው በ2009 አውሮፓ መመሪያውን አሻሻለች፤ «እንቢ የማለት መብት» የነበረው «ፈቃድ» ሆነ። አገሮቹ እስከ ግንቦት 2011 በራሳቸው ሕግ እንዲያካትቱት ታዘዙ። ማሻሻያው ግን ክፍተት ተወ፤ መግቢያው ላይ የብራውዘር ቅንብር ለፈቃድ ሊያገለግል ይችላል የሚል ቃል ነበረው። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ደግሞ ሕጉን ማስፈጸም በሚጀምርበት ዋዜማ፣ በግንቦት 2012፣ ከሁኔታ የሚገመት ፈቃድም ፈቃድ ነው የሚል ማብራሪያ አወጣ። «ይህን ገጽ መጠቀም ከቀጠሉ ተስማምተዋል» የሚለው ባነር አውሮፓን የሞላው እንዲህ ካለው አተረጓጎም በኋላ ነው። አንድ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለው፤ ተጫንከውም ተውከውም ኩኪው ቀድሞ ገብቷል።

2010–2019፦ «አትከታተሉኝ»

በዚህ መሐል ነገሩን ከሥሩ ሊፈታ የሚችል ሙከራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ብራውዘሩ ላይ አንድ ጊዜ ምርጫውን ያስቀምጣል፤ ብራውዘሩ ለሚጎበኘው ገጽ ሁሉ «አትከታተሉኝ» የሚል ምልክት ይልካል። በየገጹ መጠየቅ ቀረ። የአሜሪካው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2010 መጨረሻ ሐሳቡን ደገፈ፤ ፋየርፎክስ በ2011 ምልክቱን አስገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ምልክቱን የተቀበለ ድረ ገጽ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስን ቡድንም በዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ተቋም ሥር ተቋቋመ።

ቡድኑ «ክትትል» ምንድን ነው በሚለው ላይ ዓመታት ተከራከረ። ከዚያ ማይክሮሶፍት በ2012 በአዲሱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ምልክቱን ከመነሻው ክፍት አድርጎ እንደሚያወጣ አስታወቀ። የማስታወቂያ ድርጅቶቹ ይህ የተጠቃሚው ምርጫ ስላልሆነ አናከብረውም አሉ። ክርክሩን ልብ ላለው ያስቃል። ምንም ያልነካ ሰው ክትትል እንደፈቀደ ሲቆጠር ዝምታ ፈቃድ ነበር፤ ምንም ያልነካ ሰው ክትትል እንደከለከለ ሲቆጠር ግን ዝምታ ምንም አይደለም። ምልክቱን የማክበር ሕጋዊ ግዴታ ስላልነበረ ትልልቆቹ ችላ አሉት፤ ቡድኑም በ2019 መጀመሪያ ተበተነ።

2012–2018፦ ደንቡና ሕብረቁምፊው

የአውሮፓ ኮሚሽን በጥር 2012 ያቀረበው የአጠቃላይ መረጃ ጥበቃ ደንብ ረቂቅ ፓርላማው ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጋ የማሻሻያ ሐሳብ ዘነበበት። ረቂቁን በፓርላማው የመራው ወጣቱ የጀርመን አረንጓዴዎች አባል ያን ፊሊፕ አልብሬክት ነበር። ኤድዋርድ ስኖውደን ስለ አሜሪካ መንግሥት የኢንተርኔት ስለላ ያወጣው ምስጢር በሰኔ 2013 ሲፈነዳ የመረጃ ጥበቃ ጉዳይ ከጠበቆች ክፍል ወጥቶ የሕዝብ አጀንዳ ሆነ፤ ደንቡም ጉልበት አገኘ። በ2016 ጸደቀ፤ ግንቦት 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ ዋለ።

ደንቡ ፈቃድን ሲተረጉም ከእንግዲህ ማምለጫ የለም ያስባለ ነበር። ፈቃድ በነጻነት የተሰጠ፣ ለተለየ ዓላማ የሆነ፣ አውቆ የተደረገና የማያሻማ መሆን አለበት፤ ዝምታ ወይም ቀድሞ የተሞላ ምልክት አይቆጠርም። ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጭ 4 በመቶ ይደርሳል።

በዚያን ጊዜ ግን ማስታወቂያ የሚሸጥበት መንገድ ራሱ ተለውጦ ነበር። ገጹ እየተከፈተ ሳለ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ጨረታ ይካሄዳል። የጎብኚው መለያ፣ አካባቢው፣ የሚያነበው ርዕስ ለብዙ ተጫራቾች ይላካል፤ አንዱ ያሸንፋል፤ የተሸነፉትም መረጃውን አይተውታል። እንግዲህ ይህን ሥርዓት ከፈቃድ ጋር እንዴት ያስታርቁት? የአውሮፓ የዲጂታል ማስታወቂያ ማኅበር በ2018 የፈጠረው መፍትሔ የሰውየውን ምርጫ ወደ አንድ የፊደልና የቁጥር ሕብረቁምፊ ቀይሮ ለጨረታው ተሳታፊዎች ሁሉ ማስተላለፍ ነው። ብዙ መቶ አጋሮችን የሚዘረዝረው ሳጥን በአብዛኛው የዚህ ሥርዓት ፊት ነው። ደንቡ «ሰውየው አውቆ ይፍቀድ» አለ፤ ሳጥኑ ማንም ሊያነበው የማይችል ዝርዝር አቀረበ።

ፌስቡክ በሌላ በር ወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል የአገልግሎት ውሉን አሻሽሎ በሰው ልክ የተሰፋ ማስታወቂያ የውሉ አካል ነው አለ። ውል ካለ ፈቃድ ምን ያደርጋል? ኦስትሪያዊው የሕግ ባለሙያ ማክስ ሽሬምስ ያቋቋመው ድርጅት በዚያው ዕለት አቤቱታ አስገባ።

2019–2022፦ ፍርድ ቤቶችና ቀጪዎች

የመጀመሪያው ትልቅ ፍርድ የመጣው ከአንድ ተራ የዕጣ ጨዋታ ነው። ፕላኔት49 የተባለ የጀርመን ድርጅት በ2013 ሽልማት ያለው ጨዋታ በኢንተርኔት አወጣ። ተሳታፊው ስምና አድራሻ ከሚሞላበት በታች ሁለት ሳጥኖች ነበሩ። የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ስፖንሰሮች በስልክና በፖስታ እንዲያገኙህ ትፈቅዳለህ ይላል፤ እሱን ካልሞሉ ጨዋታው ውስጥ አይገቡም። ማስፈንጠሪያውን የተጫነ ሰው የ57 ኩባንያዎች ዝርዝር ያገኛል። የማይፈልገውን አንድ በአንድ መሰረዝ ይችላል፤ ካልመረጠ ጨዋታው ራሱ እስከ 30 የሚደርሱ ይመርጥለታል። ሁለተኛው ሳጥን ኩኪ ስለ መቀበል ነው፤ ተሞልቶ ይጠብቃል።

የጀርመን የሸማቾች ማኅበራት ኅብረት ከሰሰ። ጉዳዩ ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ካርልስሩኸ ደረሰ፤ ከዚያም ለትርጉም ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ተመራ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 1 ቀን 2019 የወሰነው ሌሎችንም ሁሉ የሚነካ ነበር። ተሞልቶ የቀረበ ሳጥን ፈቃድ አይደለም፤ ሰውየው ምልክቱን ሳያነሣ ቀረ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ኩኪው ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ሌሎች ያዩት እንደሆነም ሊነገረው ይገባል። «ከቀጠሉ ተስማምተዋል» የሚለው ባነር የሕግ መሠረቱን አጣ።

ኢንዱስትሪውም ተራመደ። ሳጥኑ ባዶ ሆነ፤ «ተቀበል» የሚለው በአንድ ጠቅታ፣ እንቢታው ከሦስትና ከአራት ጠቅታ በኋላ። ይህን የተከታተለው የፈረንሳይ የመረጃ ተቆጣጣሪ ነው። በጥር 2022 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። በውሳኔው ውስጥ የፌስቡኩ ዝርዝር ይታያል። እንቢ ሊል የፈለገ ሰው ወደ ሁለተኛው መስኮት ይሄዳል፤ እዚያ ታች ድረስ ወርዶ የሚያገኘው ምርጫውን የሚያጸድቀው ቁልፍ «ኩኪዎችን ተቀበል» የሚል ጽሑፍ አለው። እንቢ ለማለት ተቀበልን መጫን! ኩባንያዎቹ በሦስት ወር ካላስተካከሉ በየቀኑ 100,000 ዩሮ እንደሚታሰብባቸው ተነገራቸው። በሚያዝያ ጉግል በአውሮፓ «ሁሉንም ውድቅ አድርግ» የሚል ቁልፍ ከ«ሁሉንም ተቀበል» ጎን አስቀመጠ።

ሕግ በሃያ ዓመት ያላደረገውን ግን አንድ ኩባንያ በአንድ የሶፍትዌር ዝማኔ አደረገው። አፕል በሚያዝያ 2021 በአይኦኤስ 14.5 ማንኛውም አፕ ሰውን በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ለመከታተል ቢፈልግ ቀድሞ እንዲጠይቅ አስገደደ። ሁለቱ መልሶች እኩል መጠን አላቸው፤ ያልፈቀደ ሰው የማስታወቂያ መለያው ለአፑ አይሰጥም። ፌስቡክ አስቀድሞ በአሜሪካ ትልልቅ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ገዝቶ ተቃውሞ ነበር። ስሙን ሜታ ብሎ የለወጠው ይኸው ኩባንያ በየካቲት 2022 የአፕል ለውጥ በዚያ ዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ እንደሚያሳጣው ለባለ አክሲዮኖች አስታወቀ። ይህ ግን አፕልን ጻድቅ አያሰኘውም። የፈረንሳይ የውድድር ባለሥልጣን በ2025 አተገባበሩ ሌሎች አፕ ሠሪዎችን፣ በተለይ ትናንሾቹን ይጎዳል ብሎ 150 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

2023–2025፦ ወይ ክፈል ወይ ፍቀድ

የሽሬምስ ድርጅት አቤቱታ መልስ ለማግኘት አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። በጥር 2023 የአየርላንድ ተቆጣጣሪ የሜታ የውል ሰበብ አይጸናም ብሎ 390 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በኅዳር ሜታ ለአውሮፓ ተጠቃሚዎች አዲስ ምርጫ አቀረበ፤ በወር 9.99 ዩሮ፣ በስልክ ከሆነ 12.99፣ ከፍሎ ያለ ማስታወቂያ መጠቀም፤ ካልሆነ ለክትትሉ መስማማት። ድሀ የሆነ ሰው ፈቃዱ «በነጻነት የተሰጠ» ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ያኔ ጎልቶ ተነሣ። የአውሮፓ ኮሚሽን በሚያዝያ 2025 በዲጂታል ገበያዎች ሕግ መሠረት ሜታን 200 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ ሦስተኛ መንገድ፣ ማለትም ብዙ መረጃ የማይፈልግ ነጻ አገልግሎት፣ አልቀረበም በማለት።

ሕብረቁምፊውም አልተረፈም። የቤልጂየም ተቆጣጣሪ በ2022 የማኅበሩን ሥርዓት ሕገ ወጥ ብሎ ነበር፤ በመጋቢት 2024 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ያ የፊደላት ድርድር ራሱ የግል መረጃ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ፈቃድን ለመመዝገብ የተሠራው ነገር ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆኖ አረፈው።

ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የራሷን ሕግ አወጣች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (በአዋጁ ቁጥር ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በሚያዝያ 2024 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የባለቤቱን ፈቃድ ዳታን ለመጠቀም ከሚያስችሉት መሠረቶች አንዱ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ላይ የሚታየው ሳጥን ግን አሁንም በአብዛኛው ለአውሮፓ ተብሎ የተሠራው ነው።

ጉግል በጥር 2020 ክሮም ውስጥ የሦስተኛ ወገን ኩኪን በሁለት ዓመት እንደሚያስወግድ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ ደጋግሞ ተራዘመ። የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣንም ጣልቃ ገባ፤ ኩኪው ቢጠፋ ሌሎቹ የማስታወቂያ ድርጅቶች ይታወራሉ፣ የራሱ መረጃ ያለው ጉግል ግን ይበልጥ ይጠነክራል የሚል ስጋት ነበረው። በሐምሌ 2024 ጉግል ዕቅዱን ትቶ ተጠቃሚውን እጠይቃለሁ አለ፤ በሚያዝያ 2025 መጠየቁንም ተወው። ሳፋሪና ፋየርፎክስ ከዓመታት በፊት ዘግተውታል፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚጠቀምበት ክሮም ላይ ግን ሰው ካልነካው ክፍት ነው።

በኅዳር 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን የኩኪ ሳጥኖችን ለመቀነስ አዲስ ረቂቅ አቀረበ። እንቢታ በአንድ ጠቅታ እንዲሆን፣ ሰው ምርጫውን ብራውዘሩ ላይ አንድ ጊዜ እንዲያስቀምጥና ድረ ገጾችም ያንን ምልክት የማክበር ግዴታ እንዲኖርባቸው የሚያደርግ ነው። ለዜና አውታሮች ግን ከምልክቱ ነጻ የሚሆኑበት ልዩ ሁኔታ ተካቶበታል፤ ገቢያቸው ከማስታወቂያ ነውና። ረቂቁ ፓርላማውና የአባል አገሮች ምክር ቤት እንዲመክሩበት ተመርቷል።